ፎርጅዱ ሰዓት እና የሲስተር ኖማ መሳቢያ

ስደተኛ ሁሉ ከቤቱ የወጣበትን ሌሊት ያወራል፤ ጨረቃዋን፣ የውሻውን ጩኸት፣ የእናቱን እንባ። እኔ የወጣሁት እሁድ በጠራራ ፀሐይ ነው። የዱመርሶ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መዝሙር ላይ ነበር። ደላላው ሆን ብሎ የመረጣት ሰዓት ናት፤ መንገድ ላይ አይቶ «ወዴት ነው?» የሚል ሰው የለማ! ሚስቴ ታደለች ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። አላለቀሰችም። «ሁለት ዓመት ብለሃል» አለች። «ሁለት ዓመት» አልኳት። ልጃችን ምህረት ጀርባዋ ላይ ታዝላ ተኝታ ነበር። አስፋልቱ ድረስ ወርጄ ወደ ሞያሌ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ይኸው ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ለምን ወጣህ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የአባቴ መሬት ለአምስት ወንድማማች ሲካፈል ለእኔ የደረሰኝ፣ ላም ባስርበት ጭራዋ ወንድሜ ድርሻ ላይ የሚውል ነበር። ይበቃል? ጨለለቅቱ ቡና ማጠቢያ እሠራ ነበር። ቡናው ገንዳ ውስጥ ሲብላላ እጄን ከትቼ አሽቼው «ደርሷል፣ ይታጠብ» የምል እኔ ነበርኩ። አለቃው ሰዓት ነበረው፤ ግን ሰዓቱን አይቶ ሲያበቃ መጥቶ እኔን ይጠይቀኛል። እጄ ያን ያህል ያውቃል፤ ፊደል ግን አያውቅም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት፣ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ቻሉት። አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደ እኔ በሰው አገር የምትንከራተቱም፣ ሰው ሁሉ የሚያሾፍበትን ነገር ነው የምነግራችሁ፤ ስለ ፎርጅድ ሰዓት።

ሰዓቱን የገዛሁት ሞያሌ ገበያ ላይ ነው። ነጋዴው ፊቴ ላይ አንጠልጥሎ «ኦርጅናል ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፤ እጅህ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል» አለኝ። ፊተኛው ውሸት ነው፤ የቀረው እውነት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ባለሀብት የሚያደርገው ዓይነት ነው፤ ጀርባው መስታወት ስለሆነ ጥርሱ ሁሉ ሲዞር ይታያል። እሱን አይቼ ነው የተሸነፍኩት።

ታንዛኒያ ስንደርስ አሻጋሪዎቹ ስልካችንን ሁሉ ሰብስበው አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ቆለፉብን። አሥራ አራት ሰው ሰዓት የሚጠይቀው እኔን ሆነ። በሁለተኛው ቀን ሰዓቱ ቀጥ አለ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ሳየው ለካ ተቀምጦ የሚውል ሰው እጅ ላይ አይሞላም። ከዘበኛው ሰዓት ጠይቄ አስተካከልኩት፤ ከዚያ ወዲያ እንደ እብድ እጄን ስወዘውዝ እውል ጀመር።

«ይሄ ሰውዬ ዝንብ የለም፣ ምን ያባርራል?» አለ አንዱ የሆሳዕና ልጅ።

«የአንተን ሰዓት ነው የምሞላው፤ ዝም በል» አልኩት።

ሳቁብኝ። ግን እህሉ የሚመጣው በቀን አንዴ ስለነበር፣ ሊመጣ ሲል ቀድሜ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ አልሳቁም።

ጆሃንስበርግ ገባሁ። አገሩን ልንገራችሁ፤ ሰኔ ላይ ብርዱ ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። የእኛ ብርድ ከጭጋግ ጋር ነው የሚመጣው፣ እንደ እርጥብ ጋቢ ይለብሱታል፤ ይሄኛው ቢላዋ ነው። ምግባቸው ፓፕ ይባላል፤ ገንፎ ነው፣ ግን ቅቤም ሚጥሚጣም ያላየ የሙት ልጅ ገንፎ። ቡና ብለው የሚሰጡህን አልነግራችሁም፤ ዱመርሶ ላይ የሰማ ሰው ታሞ ይተኛል።

የምኖረው ጋሽ ሙላት የሚባሉ ያገራችን ሰው አንዱን ክፍል በካርቶን አምስት ቦታ ከፍለው በሚያከራዩት ቤት ነው። ገና እንደገባሁ አልጋዬ ራስጌ ሚስማር መታሁ። እኛ ቤት የእጅ ሰዓት እጅ ላይ አያድርም፤ አባት ሲገባ ያወልቅና ምሰሶው ላይ ባለ ሚስማር ይሰቅለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ የቤቱ ሁሉ ነው። ሰውየው ሰምተው መጡ።

«አንተ፣ ግድግዳዬን ማን ብሳ አለህ?»

«ጋሽ ሙላት፣ ይሄ እኮ ግድግዳ አይደለም፤ ካርቶን ነው።»

«ካርቶንም ቢሆን የኔ ካርቶን ነው!»

«እሺ ልንቀለው?»

«ተወው! ከነቀልከው ቀዳዳው ይቀርብኛል።» ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ። «ስንት ሰዓት ነው ለመሆኑ?»

ሥራዬ እንደማንኛውም አዲስ መጪ ሎኬሽን መዞር ነበር። ሎኬሽን የምንለው ጥቁሮቹ የሚኖሩበትን የከተማ ዳርቻ ሰፈር ነው፤ ብርድ ልብስ ተሸክመህ በር በር እያንኳኳህ ትሸጣለህ። አንድ ቀን ሦስት ወጣቶች ያዙኝ። ብርድ ልብሱን ወሰዱ፣ የፊት ጥርሴን አወለቁ፣ ሰዓቴን ፈቱ። አንደኛው ገልብጦ አየውና «ፎንግ ኮንግ!» ብሎ ደረቴ ላይ ወረወረልኝ። ፎርጅድን እዚህ እንዲያ ነው የሚሉት። ደሜን እየዋጥኩ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ ይመታል። ሌባ የናቀውን ሰዓት እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አከበርኩት።

ሰዓቱ መንግሥት ቤትም ጣጣ አምጥቶብኛል። የስደተኛ ወረቀቴን ላሳድስ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት እጄን አየች።

«ስደተኛ ነኝ ነው የምትለው?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«ይህን ሰዓት የሚያደርገው እኮ የባንክ ኃላፊ ነው።»

«ኦርጅናል አይደለም፤ ፎንግ ኮንግ ነው።»

«ፎንግ ኮንግ ማድረግ ወንጀል መሆኑን አታውቅም?»

«እንግዲያው ኦርጅናል ነው።»

«እንግዲያው ስደተኛ አይደለህም።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ማህተሙን ግን መታችልኝ። ሂድና ዕድል የለም በል!

የምታጠናው ነገር ሲኖርህ ብቸኝነት ይቀላል። ደብተር ገዛሁ። በየማለዳው ሰዓቴን ከስልኬ ጋር አስተያይቼ ስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ያን ቀን ምን እንደሠራሁ። «ሰኞ። ብዙ ዞርኩ። 6 ቀደመ።» «እሁድ። ተኝቼ ዋልኩ። 11 ዘገየ።» እጄ ጽሕፈት የለመደው በዚህ ነው።

ብርድ ልብስ የምናወጣበት ሕንፃ ሥር አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ ሰዓት ሠሪ አሉ፤ ሁሉም አንክል ነው የሚላቸው። ሱቃቸው አንድ መስኮትና አንድ ጠረጴዛ ናት። ዕቃ እስኪወርድ እዚያ ቆሜ ስጽፍ አዩኝ።

«ምንድን ነው እሱ? ለፖሊስ ነው?»

«ሰዓቴ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚስት ነው፣ አንክል።»

«ፎንግ ኮንግ አስረህ ሰከንድ ትቆጥራለህ?» ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ደብተሩን ተቀበሉኝ። ፊደሌን አያነቡም፤ ቁጥሩን ግን አነበቡ። አምስት ስድስት ገጽ ሲገልጡ ሳቁ ቀረ። «ቅዳሜ ና» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድኩ።

እንግዲህ ስሙኝ። ፎርጅድ ሰዓት ሁሉ ይዋሻል የምትሉ፣ ራሳችሁ ናችሁ የምትዋሹ። ፎርጅዱ ስሙ ላይ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥርስ ጥርስ ነው። እርግጥ አንዳንዱ ዘይት ሳይነካው ከፋብሪካ የወጣ አለ፤ እሱን ጣሉት፣ አታልቅሱለት። ውሃ አይገባውም የሚለውን ጽሑፍም አትመኑ፤ ቡና ገንዳ ውስጥ ይዞ የገባ ሰው አሳ ሊያረባበት ይችላል። ነገር ግን ደህናው፣ ተከፍቶ ተጠርጎ ዘይት ከተቀባ፣ በየቀኑ ከታሰረ፣ በቀን አምስትና ስድስት ሰከንድ ቢስት ነው። ይህን የምለው ከደብተሬ ነው፤ ከወሬ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ፀጉር የመሰለች ጥቅል ሽቦ አለች፣ እሷ አጠገብ ትንሽ ምላስ። ምላሷን በትንፋሽ ያህል ወዲህ ስትገፋት ይፈጥናል፣ ወዲያ ስትገፋት ይዘገያል። ሥራው ሁሉ እዚያ ትንፋሽ ላይ ነው።

ጥርሴ የወለቀ ለት ታደለች በስልክ ሰማች። ደበቅኳት ስል ድምፄ አሳበቀ፤ «ሰ» ማለት አቅቶኝ ነበር።

«የምህረት አባት፣ ወይ ሥራህን ቀይር ወይ ግባ። ሬሳህን የምቀበልበት ጉልበት የለኝም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በደወልኩ ቁጥር ይህንኑ ስትለኝ ከረመች፤ ከአንክል ጋር ሁለት ዓመት ሲሞላኝ እሳቸው ልጃቸው ዘንድ ባሕር ዳርቻ ሄደው ሊያርፉ ሆነ፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጠረጴዛውን ለማን እንደሚሰጡ አልወሰኑም። ስለዚህ ቃል ገባሁላት፤ «ጠረጴዛው ከተሰጠኝ ሎኬሽን አልወጣም። ካልተሰጠኝ በዚህ ወር መጨረሻ እገባለሁ።»

«እሺ። በጸሎት እንይዘዋለን» አለች።

አንክልን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። እሳቸውም መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ሰዓት አወጡ፤ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ፎርጅድ ነው። ሲስተር ኖማ የምትባል የሆስፒታል ነርስ ያመጣችው፣ ይቀድማል ብላ።

«አስተካክለው። ከዚያ ሲስተር ሳምንት ሙሉ ትገልገልበት። በሳምንቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ካልሳተ ጠረጴዛው ያንተ ነው። ከሳተ ለስልክ ሽፋን ነጋዴው እሰጠዋለሁ፤ እሱ ቢያንስ የሰው ሰዓት አያበላሽም።»

ከፈትኩት፣ ጠረግኩት፣ ቀባሁት፣ ምላሷን አስተካከልኩ። ለማረጋገጥ አምስት ቀን ራሴ አሰርኩት። ቀን እዞራለሁ፤ ስገባ ሚስማሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። በአምስት ቀን የሳተው አራት ሰከንድ ነው። አራት! ለታደለች ደውዬ ስለ ፈተናው ሰዓት ነገርኳትና «በቃ፣ ጠረጴዛው የኔ ነው» አልኳት። «ተመስገን» አለች፤ ቶሎ ብላ ስለ በቆሎው ወሬ ቀየረች።

ሲስተር ኖማ ሰዓቱን ወስዳ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወገቧን ያዘች።

«ይሄ ሰዓት ሳምንት ሙሉ ሥራ ቦታ ቀድሜ እንድደርስ አደረገኝ። አለቃዬ ታመሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

አንክል ከስልካቸው ጋር አስተያዩት። ሦስት ደቂቃ ቀድሟል። ጥርሱን አጉልቶ የሚያሳያቸውን መስታወት ከዓይናቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ከንግግር ይልቅ እሱ አመመኝ።

ሰው ያፈረ ለት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይሄዳል ወይ ይጠይቃል። እኔ የፊተኛውን ልሠራ ነበር፤ እግሬ ተነስቷል። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ቡና ማጠቢያው ላይ የአንዱ ገንዳ ቡና በጊዜው ሳይደርስ ሲቀር ቡናውን አንሳደብም፤ የት ነበር ያደረው፣ ጥላ ነው ፀሐይ፣ ብለን ነው የምንጠይቀው።

«ሲስተር፣ ይሄ ሰዓት የት ነው የሚውለው?»

«የት ይውላል? እጄ ላይ ነዋ።»

«ሥራ ላይም?»

«ሥራ ላይማ አይፈቀድም። እጃችንን በየደቂቃው ነው የምንታጠበው። ስገባ አውልቄ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

«እንዴት አድርገሽ? በጎኑ?»

«በጀርባው ነዋ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ፤ እንደ በሽተኛ!»

«ማታስ?»

«ማታም ኮመዲኖዬ ላይ እንዲሁ።»

ልስማት ምንም አልቀረኝም። ለካ ሰዓት እንደ ሰው ነው፣ አስተኛኘቱ ይለያያል! ይሄ ዓይነቱ ቆሞ ሲያድር ይዘገያል፤ በጀርባው ሲተኛ ይፈጥናል። እኔ ዘንድ ሳለ ቀን የቀደመውን ሌሊት ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ እየዘገየ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ማለዳ ሳየው ልክ ነው። አራት ሰከንድ ብዬ የፎከርኩት ለሰዓቱ አልነበረም፤ ለአባቴ ቤት ልማድ ነው። የእሷ ግን በጀርባው ውሎ በጀርባው ያድራል፤ የሚመልስለት የለም፤ ይሮጣል።

«አንክል፣ አንድ ዕድል ይጨምሩልኝ።»

«ለምን? እንደገና ልትሳሳት?»

«አይደለም። ሰዓቱ የሚውልበትን ቤት ስላገኘሁት።»

ሲስተር ኖማ «ይስጡት እንጂ፣ ቀድሞ መድረስ ለምጃለሁ» አለች። አንክል አጉረመረሙ፣ ሰጡኝ። ማታ ለታደለች ደውዬ መጀመሪያ እንደሳተብኝና ዳግም እንደተሰጠኝ ነገርኳት።

አራት ቀን እንደ ነርስ ኖርኩ። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ አስሬው እዞራለሁ፤ ልክ እሷ ታክሲ ውስጥ የምትቆየውን ያህል ነው። ከዚያ አውልቄ በጀርባው አስተኛዋለሁ። ሚስማሩ ጾሙን አደረ። በየቀኑ ጀርባውን እየከፈትኩ ምላሷን በትንፋሽ፣ በግማሽ ትንፋሽ። ጋሽ ሙላት አልጋዬ ላይ ሰዓቱን ተኝቶ ሲያዩ «ይሄ ደግሞ ኪራይ ይክፈል እንዴ?» አሉ። በአራተኛው ቀን ሁለት ሰከንድ ሳተ። ሰጠኋት።

የመጨረሻዋ ሳምንት እንዴት እንዳለፈች አልነግራችሁም፤ ፎክሬያለሁና ፈራሁ ብል አያምርብኝም። ቅዳሜ ሲስተር ኖማ መጣች፣ ሰዓቱን አንክል ፊት አስቀመጠች። አንክል ስልካቸውን አወጡ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ደጋግመው አዩ።

«አሥራ ስምንት ሰከንድ» አሉ። «በሳምንት።»

እሷ እልል አለች፤ እልልታዋ የእኛን አይመስልም፣ ግን እልልታ ነው። አንክል ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ዝም ብለው አይሸነፉም።

«ይሄ ተጠገነ አይባልም። እኔ አሁን ባስረውና ማታ ብሰቅለው ይዘገያል።»

«አንክል፣ እርስዎ የሲስተርን ሰዓት ለምን ያስራሉ?»

አዩኝ። እንደገና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ፤ ከኪሳቸው መስታወታቸውን አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት። «በል ተቀመጥ» አሉኝ።

አሁን መስኮቴ ላይ ለሚመጣ ሁሉ፣ ሰዓቱን ሳልከፍት በፊት እጠይቃለሁ፤ ሥራህ ምንድን ነው? በየትኛው እጅህ ታስራለህ? ስትተኛ የት ታደርገዋለህ? የሚስቅ ይስቃል። በወሩ ተመልሶ «እንዴት አወቅህ?» ይላል። በዚህ ከተማ ፎርጅድ ሰዓትን ከእኔ የተሻለ የሚያስተካክል ካለ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ፤ ቦታ እለቅለታለሁ።

ጠረጴዛውን በተረከብኩበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ መስታወቱን ገና ከእጄ ሳላስቀምጥ፣ ለታደለች ደወልኩ።

«የምህረት እናት! ተሰጠኝ!»

«ምኑ?»

«ጠረጴዛው ነዋ! አሥራ ስምንት ሰከንድ ብቻ!»

ከጀርባዋ ዶሮ ይጮኻል፤ ምህረት ጮክ ብላ የትምህርት ቤት ነገር ታነባለች። እኔ የማላውቀው ድምፅ ነው፣ የትልቅ ልጅ ድምፅ።

«እንኳን ደስ አለህ» አለች ታደለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ከእንግዲህ ሎኬሽን የለማ?»

«የለም! ጸሎታችሁ ተሰማ። ለመሆኑ ምን ብላችሁ ነው የጸለያችሁት?»

«የቤተ ክርስቲያን እኅቶች ሲመጡ፣ ጌታ ፈቃዱን ያድርግ እንላለን።»

«አንቺስ ብቻሽን ስትሆኚ?»

የምህረት ንባብ ራቀ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እኔማ ብቻዬን ስሆን ሰዓቱ እንዲበላሽ ነበር የምለምነው። ቤቱንም በጭቃ አስመርጌው ነበር፤ ትገባለህ ብዬ።» ተነፈሰች። «አንተ ደግሞ አሳምረህ ሠራኸው።»

መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ወንበሩ መደገፊያ አለው?» አለችኝ።

«የለውም፤ በርጩማ ነው።»

«መደገፊያ ያለው ግዛ። ወገብህን ያምሃል። ረጅም ጊዜ መቀመጥህ ነው።»